በሰው ቤት የተቆጠረ አልጋ

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጡረታ ስል አበል አለው ማለቴ አይደለም። ስድስት ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ አንድ ቀን ሰደርያውን አጣጥፌ፣ ታብሌቱን ከነቻርጀሩ አስረክቤ፣ የርክክብ ቅጹ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ቅጹን የምትሞላው ልጅ «የለቀቁበት ምክንያት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«የግል ጉዳይ በይው» አልኋት።

የግል ጉዳይ አልነበረም። የሁለት ጎረቤታሞችና የአንድ አልጋ ጉዳይ ነበር።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ነበር። ወረቀቱ «መረጃ ሰብሳቢ» ይለኛል፤ ሰዉ «መዝጋቢው» ይለኛል፤ የቡሬ ልጆች ሰደርያዬን እያዩ «መብራት ሊቆርጥ መጣ» እያሉ እናቶቻቸውን ያስደነግጡ ነበር። ከቤተሰቡ ማን ይሠራል? ምን ይሠራል? ምን ያገኛል? ትናንት ምን ተበላ? ጣሪያው ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ምን ዕቃ አለ? ይኼን ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከማላውቀው ሰው አፍ ማውጣት ነበረብኝ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ይዘገይ ነበር፤ ሲመጣም ለማለቅ አይዘገይም።

ሥራውን የወደድሁት ስለማያስቀምጥ ነው። ትምህርቴን ከመሀል አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ያመኛል። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። አንድ ሳምንት ጅጋ፣ አንድ ሳምንት ደምበጫ፣ ሲቀጥል መራዊ ድረስ እየተንከራተትሁ የሰው ቤት ገብቶ የሰው ጓዳ ማየት ለግጥምም ይበጃል ብዬ አስብ ነበር። ዓይኔ ስል እንደሆነ አምን ነበር። የኋላ ኋላ የጎዳኝም ይኼው እምነት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዳኛቸው ናቸው። ቡሬ ላይ የመጀመሪያ አለቃዬ ነበሩ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን የጭቃ ቤት በር ላይም ሆነ የፎቅ ቤት በር ላይ እኩል የሚያወልቁ ሰው። ከኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ሰው ሲጠይቁ ኖረዋል። ወንበር ሲሰጧቸው አይቀመጡም፤ «ወገቤን ያመኛል» ይሉና መድረኩ ላይ፣ አለዚያም መደቡ ጫፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ከዚያ ጓዳውም ደጁም ይታያል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች እርሳስ ሳያወጡ ይጠይቃሉ።

«የጎጃምን ሰው ስንት ታገኛለህ ብለህ አትጠይቀው» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። «ተመስገን ይልሃል። ለተመስገን ደግሞ መጠይቁ ላይ ኮድ አልተሰጠውም።»

«ታዲያ ምን ልጠይቀው ጋሼ?»

«ዘይቱን ጠይቀው። በሊትር ነው በብርጭቆ የሚገዛ? ጨውስ? ድሀ በትንሽ በትንሹ ይገዛል፤ በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሀብታም አስወድዶ ነው የሚገዛ። ኪሱን ዘይቱ ይነግርሃል።»

ገጠር ስንወጣ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ከጅጋ ወዲያ ካለ አንድ ቀበሌ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ዘንድ ሄደን ስንት ከብት እንዳላቸው ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ምን ከብት አለኝ ልጄ፤ ያችው ያለችው ናት» አሉኝ።

«አንድ ልበል?»

«ያችው ናት አልሁህ እኮ። ከብትም እንደ ሰው ይቆጠራል እንዴ? ዓይን ታስበላብኝ?»

ጋሼ ዳኛቸው ስለ ዝናቡ ጨዋታ ያዟቸውና በዓይናቸው ወደ ጓሮ ጠቀሱኝ። ዞሬ አየሁ። እበት የጠገበ በረት፣ ሰባት ካስማ፣ ከየካስማው ገመድ። ስንመለስ መንገድ ላይ «ሰውየውን አትቀየመው» አሉኝ። «ከብቱን ከዓይን እየጠበቀ ነው። አንተ ከብቱን ተውና ካስማውን ቁጠር።» ከዚያን ቀን ወዲህ የተደበቀ ነገር ማግኘት እንደ ግጥም ቤት መምታት ያስደስተኝ ጀመር።

ሌላው ልማዳቸው እርሳስ መርሳት ነበር። ጥርጣሬ የገባቸው ቤት ሁሉ እርሳሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። በማግስቱ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠብቃቸው፣ «እርሳሴን ረስቼ» ብለው በሩ ላይ ናቸው። ትናንት እንግዳ ይመጣል ተብሎ የተጠረገው ቤት እንዴት እንዳደረ ያያሉ። የቀበሌውን መንገድ መሪ አስከትለው አይሄዱም፤ እሱ ቀድሞ እየሮጠ ያስጠነቅቃላ።

አንድ ቀን ከቡሬ ዳርቻ አንድ የአገው ተወላጅ ዘንድ ሄድን። ከተማው ሲሰፋ እርሻቸው ወደ ከተማው ገብቷል፤ አሁን በድሮ ማሳቸው ላይ ለተሠራ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። ሥራቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ገበሬ ነኝ» አሉኝ።

«መሬት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ዘበኛ ልበል?»

«ዘበኛ የማድረው ነው» አሉ ሰውየው። «የሆንሁትን ከጠየቅኸኝ ገበሬ ነኝ።»

ጋሼ ዳኛቸው የመጠይቁ ሣጥን ውስጥ «ጥበቃ» የሚለውን ኮድ አስገቡና ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ገበሬ» ብለው ጻፉ። «ኅዳጉን ማን ያነበዋል ጋሼ?» አልኋቸው። «ማንም» አሉኝ። «እኛ ግን ጽፈናል።»

ከዚያ ታብሌት መጣ። ታብሌት ኅዳግ የለውም። ጋሼ ዳኛቸው አንድ ሳምንት ሞከሩት፤ መስታወቱ ሸካራ ጣታቸውን እምቢ አለ፤ ጡረታቸውን አስከብረው ቡሬ ሽንኩርታቸውን ሊኮተኩቱ ገቡ። በሳቸው ቦታ ናትናኤል የሚባል አስተባባሪ ተላከልን። ክፉ ልጅ አልነበረም። ፈጣን ነበር፤ ፍጥነትን ይወድ ነበር። በቀን የሚጨረስ የቤት ብዛት ተወሰነልን፤ ማታ ማታ ማን ስንት ቤት እንደላከ በቴሌግራም ይለጠፋል። እኔ ብዙውን ጊዜ አንደኛ ነበርሁ።

የፍኖተ ሰላሙ ሥራ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከከተማው ድሆች ውስጥ ለድጋፍ ሥራ የሚመረጡትን የምንለይበት ምዝገባ ነበር። የተመረጠ ቤተሰብ መንገድ እየጠረገ፣ ቦይ እያጸዳ፣ ችግኝ እየተከለ ለወራት የማይቋረጥ ገቢ ያገኛል። መመሪያው ግን ምዝገባው ለምን እንደሆነ ለሰዉ እንዳንናገር ያዛል፤ ካወቀ ዕቃውን ይደብቃል ተብሎ። «ለጥናት ነው» እንል ነበር። ብልጦቹ ያው ከቀበሌ ሰምተው ደብቀዋል። ያልሰሙት እንግዳ ጠበቁ።

እትዬ ውባለም ካልሰሙት ወገን ነበሩ። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ባላቸው ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ እንደወረደ አልተመለሰም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ ከተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አንዷ ውስጥ፣ ትዕግስት ከምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የበርበሬ ወቅት ሲሆን ነጋዴ መጋዘን እየዋሉ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ወቅቱ ሲያልፍ የተገኘውን።

ስገባ ያየሁት እንዲህ ነበር፤ ዳር ዳሩ የተጠረበ የእንጨት አልጋ፣ ወፍራም ፍራሽ፣ አበባ ያለበት አንሶላ፣ ከራስጌው ቴሌቪዥን በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ሁለት ወንበር። ወንበሩን በነጭ ነጠላቸው ጠርገው አስቀመጡኝ። እኔም ተቀመጥሁ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በክፍያ ሠርተዋል?»

«ኧረ ስንት ሰዓት! እሑድ ሲቀር ሁሉንም ቀን። ይኼው እየው» አሉና ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ጫፉ እንደተላጠ ቲማቲም ቀልቷል። «ማታ ፊቴን ስታጠብ ዓይኔን እንዳልነካ ልጄ ናት የምታጥበኝ።»

ሥራ አላት ብዬ ሞላሁ። መጠይቁ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

«ገቢው እንዴት ነው?»

«ተመስገን።»

«ለመብል ይበቃል?»

«ተመስገን ነው የኔ ልጅ፤ እግዜር ያውቃል። ውኃ ልስጥህ?»

ዓይኔ ሄዶ አልጋው ላይ አረፈ። ሰባቱን ካስማ ያገኘሁ ዕለት የተሰማኝ ዓይነት ደስታ ተሰማኝ። ተመስገን እያለች ሀብቷን ልትሸሽገኝ ነው፤ የኔን ዓይን ግን አታመልጥም አልሁ በሆዴ። አልጋ፣ አለ። ስፖንጅ ፍራሽ፣ አለ። ቴሌቪዥን፣ አለ። ወንበር፣ አለ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ መጠይቁ «በቤቱ ውስጥ አለ?» ነው የሚለው። ዘይት በብርጭቆ ነው በሊትር ብዬም አልጠየቅሁም፤ የማታው ዝርዝር ላይ አንደኛ ለመሆን ሦስት ቤት ቀርቶኝ ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩት ጎረቤታቸው እትዬ የሺ ዘንድ ገባሁ። ከሞተች ልጃቸው የቀሩ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ጠላ ጠምቀው ይሸጣሉ። ክፍሉ ባዶ ነበር። አንድ ሰሌን፣ አንድ ጋን፣ የተከመረ ልብስ። ቴሌቪዥን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እዚህ ቤት? የለም» አሉኝ፤ ሳቅ እንደማለት ብለው።

«አልጋስ?»

«ታየው የለ?»

አልዋሹኝም። የጠየቅሁትን መለሱልኝ።

ያ ባዶ ክፍል ልቤን ነካው። በዚያው ሰሞን ግጥም ጻፍሁበት፤ የከተማው ወጣቶች በሚሰበሰቡበት የንባብ ምሽት አነበብሁት።

ከባዶ ቤት ገብቼ ባዶ እጄን ይዤ፣
የሌላትን ቆጥሬ ወጣሁኝ አርግዤ።

እዚያ ላይ ስደርስ ተጨበጨበ። አንዲት ልጅ እንባዋን ጠረገች።

የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ከወራት በኋላ የካቲት ላይ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ ከደምበጫ መልስ መናኸሪያው ደጅ ከአውቶቡስ ስወርድ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ መዝጋቢው! ቁም እስቲ!»

እትዬ ውባለም ናቸው። እንደዚያ ዕለት ነጠላቸው ነጭ አይደለም።

«ደኅና ነዎት እትዬ?»

«ተመስገን። አንድ ነገር ልጠይቅህና ትሄዳለህ። ያኔ የጠየቅኸኝ ለዚህ ለተለጠፈው ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«ምነው አትነግረኝም?»

«መናገር ክልክል ነበር።»

«እኔኮ» አሉ፣ «ከመንግሥት እንግዳ ይመጣል ሲሉኝ ከምን ላስቀምጠው ብዬ ተጨነቅሁ። የሺ ናት ‹የኔን አልጋ እናግባልሽ› ያለች። እሷና ልጄ ናቸው ተሸክመው ያስገቡት። ቴሌቪዥኑም የሷ፣ ወንበሩም የሷ። ማታውን መለስንላት። ታዲያ ያን ነው የጻፍኸብኝ?»

ሰው የሰው ዕቃ ተውሶ እንግዳ መቀበሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴም ታደርገው ነበር። ገጠር ያለውን ይደብቃል፣ ከተማ የሌለውን ይደብቃል። ይኼን እያወቅሁ አላወቅሁም።

ቤታቸው ወሰዱኝ። መሬት ላይ የተነጠፈ ጆንያ፣ ከጥግ ግማሽ የሆነ የበቆሎ ከረጢት፣ የልጅቱ ደብተሮች በካርቶን። ትዕግስት ጆንያው ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ሰላምታ ሰጥታኝ ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

«በርበሬው አልቋል» አሉ እትዬ ውባለም። «እስከ ክረምት የምንይዘው ካጣን ደላላ አለ፤ አዲስ አበባ ሰው ቤት አስቀጥራታለሁ ይላል። ይኼ ሥራ ቢወጣልኝ ግን አሥራ ሁለተኛን ትጨርስልኝ ነበር። ሌላ ነገር አልፈልግ።»

«አስተካክለዋለሁ እትዬ» አልሁ። ያለ ሐሳብ ነው ያልሁት።

ናትናኤል ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። «ተቆልፏል። ከተላከ በኋላ እኔም አልከፍተውም። ቅሬታ ታቅርብ፤ ኮሚቴ አለ። ዕቃው የኔ አይደለም ካለች ባለቤቱ ቀርቦ ይመስክርላት፤ ያልቃል።» ቀላል አድርጎ ነገረኝ፤ ቀላልም መሰለኝ።

ቅዳሜ ቡሬ ወረድሁና ለጋሼ ዳኛቸው ነገርኋቸው። ሽንኩርቱ መሀል ቆመው መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«እርሳስህን ረስተህ መመለስ ነበረብሃ» አሉ።

«ታብሌት ነው ጋሼ። ታብሌት አይረሳም።»

«እሱስ እውነት ነው። የአልጋዋን ባለቤትስ ምን ብለህ መዘገብሃት?»

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። እትዬ የሺ ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። የገቡት ቤታቸው ባዶ ስለሆነ ነው። ባዶ የሆነው አልጋቸው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ በኔው እጅ ለሌላ ሰው ስለተጻፈ ነው። ቀርበው «አልጋው የኔ ነው» ቢሉ በገዛ አፋቸው ስማቸውን ያስፍቃሉ።

«አልጋውን የገዛላት ወንድ ልጇ ነው ብለውኛል እትዬ ውባለም» አልሁ። «ሹፌር ነበር፤ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም። ጠላ እየሸጠች ሁለት ሕፃን ታሳድጋለች። እሷም ድሀ ናት ጋሼ።»

«ድሀማ ናት። አልጋ አይበላ።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔ ብሆን?» አሉና ወደ ኩትኳቷቸው ጎንበስ አሉ። «እኔ ብሆን መጀመሪያውኑ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ነበር። አሁን ግን እኔም አላውቅም።»

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። ወይም ሁለቱን ሴቶች አስቀምጬ ነገሩን ገልጬ መንገር። አላደረግሁትም። ኮሚቴው ሁለቱንም አይቶ ያዝን ይሆናል ብዬ፣ ከምንም በላይ ግን የራሴን ስሕተት ከራሴ ላይ ለማውረድ ቸኩዬ፣ የቅሬታውን ማመልከቻ በራሴ እጅ ጽፌ አስገባሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው።

መጋቢት ውስጥ አንድ ረቡዕ ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ቅሬታ ያለው ሰው ግድግዳ ታክኮ ይጠብቃል፤ የሚሰማውም እዚያው በሁሉ ፊት ነው። እትዬ የሺ ለምስክርነት ተጠርተው ትንሹን የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጥተዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ነው፤ መጥተዋል ግን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ማመልከቻውን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይዘሮ ውባለም፤ አልጋና ቴሌቪዥን የተመዘገበብኝ በስሕተት ነው ብለሻል። ዕቃው የማን ነው?»

እትዬ ውባለም ተነሡ። ወደ ሰብሳቢው አላዩም፤ ዞረው የሺን አዩ። እትዬ የሺ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደሟቸው።

«የኔ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«አልጋው የኔ ነው አልሁ። ቴሌቪዥኑም።»

«ውባለም!» አሉ እትዬ የሺ።

«አንቺ ዝም በይ። ልጁን አታስለቅሺው።»

ሰብሳቢው ሳቅ መጣባቸው። «ታዲያ ምን ልትከሺ መጣሽ? አልጋ አለኝ ብለሽ?» አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ፍራሹ ጎርብጧት ነው!» አለና የበለጠ ተሳቀ። እኔ ተነሥቼ ልናገር ስል የእትዬ ውባለም ዓይን ያዘኝ። ተቀመጥሁ። እስከ ዛሬ የተቀመጥሁባቸው ወንበሮች ሁሉ እንዲህ አላቃጠሉኝም።

ደጅ ወጥተን «ለምን እትዬ?» አልኋቸው። ተቆጥቼ ነበር፤ በማን እንደተቆጣሁ አላውቅም።

«አንተ ዓይንህ ያየውን ጻፍህ» አሉኝ፤ ሳይጮኹ። «የሺ ባታዝንልኝ ኖሮ አልጋዋ ከቤቷ ይገኝ ነበር። በደግነቷ ተጠልፋ ትውደቅ? በነዚያ ሕፃናት ጉሮሮ ላይ ቆሜ እኔ ልብላ?»

«ትዕግስትስ?»

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።

መልካም ሥራ መልካም ነገር ያመጣል የሚል ካለ ወደዚያ ግቢ ልውሰደው። እትዬ የሺ በዚያው ምሽት ሰው ጠርተው አልጋውንና ቴሌቪዥኑን ወደ እትዬ ውባለም ቤት አስገቡ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ቢገኝ ማን ይፋረድላቸዋል? አዳራሽ ሙሉ ሰው «የኔ ነው» ሲባል ሰምቷል። እትዬ ውባለም የሰው አልጋ ታቅፈው ቀሩ፤ እንዳይሸጡት የራሳቸው አይደለም፣ እንዳይመልሱት ምስክር ያለበት ነው። የሺ ከደረሳቸው ክፍያ ላይ ዱቄት ገዝተው ላኩ፤ ውባለም መለሱት። እንደገና ላኩ፤ እንደገና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ውኃ ቧንቧ እየቀዱ ዓይን ለዓይን መተያየት ተዉ። አንዷ ውለታው ከበዳት፤ ሌላዋ ውለታው እንዳይነሣ ፈራች።

ትዕግስት ከፋሲካ በኋላ ሄደች። አዲስ አበባ አንድ ሰው ቤት ልጅ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ለመንገድ ምሳዋ እንኳ አልሰጠኋትም፤ ስትሄድ እዚያ አልነበርሁም፤ መራዊ የሰው በር እያንኳኳሁ ነበር።

በዓመቱ ኅዳር ላይ ክትትል ተብሎ እነዚያኑ ቤቶች እንደገና እንድንጠይቅ ታዘዘ። ናትናኤል ያንን ግቢ ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነበር፤ እኔ ልሂድ አልሁ። እትዬ ውባለም ወንበር አቀረቡልኝ። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ቅር አላቸው። ጣታቸው እንደዚያን ጊዜው ቀልቷል።

«የቤተሰቡን አባላት ይንገሩኝ» አልሁ።

«እኔና ልጄ።»

«ትዕግስት እዚህ አለች?»

«የት እንዳለች ታውቃለህ አይደል? ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ከሄደች ስድስት ወር አልፏታል?»

«አልፏታል።»

መጠይቁ ከስድስት ወር በላይ የራቀን ሰው የቤተሰብ አባል አይለውም። ስሟን ነካሁት፤ «ይሰረዝ?» አለኝ፤ አዎ አልሁ። ጠፋች። የእናትየው የበርበሬ ገቢ እንደ ዓምናው ነው። ዓምና ለሁለት ይካፈል የነበረው ግን ዘንድሮ ለአንድ ሆነ። አልጋ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። የመጨረሻውን ሣጥን ስነካ የቤቱ ደረጃ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ናትናኤል ሲያየው ደስ እንደሚለው ታየኝ፤ ለሪፖርት የሚሆን ጥሩ ቤት።

«ጨረስህ?» አሉኝ።

«ጨረስሁ።»

«ይኼ ዕቃህ አሁንስ ምን ይለናል?»

መዋሸት እችል ነበር። ስድስት ዓመት ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ ስማጸን ኖሬ አንዲት ቀን ልዋሽ አሰብሁ፤ አፌ ግን እሺ አላለም።

«ተሻሽለዋል ይላል እትዬ።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ አልጋውን አዩ፤ ጥግ ላይ ያለውን የደብተር ካርቶን አዩ። ከሆዳቸው የመጣ ሳቅ ያዛቸው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ የበርበሬ ሳል። ሲበርድላቸው ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን በመዳፋቸው መቱት።

«የሺ! የሺ፣ ሰማሽ? ተሻሽለናል አሉ!»

ከግድግዳው ወዲያ ጋን እየታጠበ ነበር። ድምፁ ቆመ።